ተራራ ይዋሰናልን?

ጥያቄ፦ ስለ ሙሳ ዓሊ በተጻፈ አንድ ጽሑፍ ውስጥ «ተራራው ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከጅቡቲ ጋር ይዋሰናል» የሚል ዐረፍተ ነገር አንብቤ ቅር አለኝ። ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው? እንዴትስ ቢጻፍ ይሻላል?

መልስ፦ ቅር ያሰኘዎ የግሡና የባለቤቱ አለመጣጣም ነው። «ተዋሰነ» እንደ «ተጎራበተ» ሁሉ ሁለት ወገን የሚጋራው ግሥ ሲሆን፣ አንዱ የሚያበቃው ሌላው በሚጀምርበት ስፍራ መሆኑን ይናገራል። «ኢትዮጵያ ከጅቡቲ ጋር ትዋሰናለች» ትክክል ነው፤ «እርሻው ከወንዙ ጋር ይዋሰናል» ማለትም ያስኬዳል፣ እርሻው ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ያበቃልና። ሙሳ ዓሊ ግን ኢትዮጵያ በምትጀምርበት አያበቃም፤ ከፊሉ ራሱ ኢትዮጵያ ነው፣ ከፊሉ ኤርትራ፣ ከፊሉም ጅቡቲ። ጸሓፊው ሳያስበው ተራራውን ከሦስቱ አገሮች ውጭ ያለ አራተኛ ጎረቤት አድርጎታል። ስለዚህ «ሦስቱ አገሮች ሙሳ ዓሊ ላይ ይዋሰናሉ» ወይም «የሦስቱ አገሮች ወሰን ሙሳ ዓሊ ላይ ይገናኛል» ቢባል ቋንቋውም መልክዐ ምድሩም ይስማማሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አገላለጽ አለ፤ ይኸውም «የጅቡቲ ረጅሙ ተራራ» የሚለው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ እሳተ ገሞራ ወለድ ተራራ በጅቡቲ ከሁሉ ከፍ ያለው ስፍራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን «የጅቡቲ» የሚለው አገናዛቢ ተራራውን በሙሉ ለአንድ አገር የሰጠ ያስመስላል። እኔ «በጅቡቲ ከፍተኛው ስፍራ የሚገኘው ሙሳ ዓሊ ላይ ነው» የሚለውን እመርጣለሁ። ተራራው በአፋር በረሓ ውስጥ ከከተማና ከዋና መንገድ ርቆ የቆመ፣ ከአካባቢው ሰው በቀር ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት በመሆኑ፣ አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው በምንጽፈው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ጥንቃቄውም ስለዚህ ይገባዋል።

የቦታ አመልካች ቃላትም እንዲሁ ናቸው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያስታወቀችው የኢጣሊያ ጦር በአውሳ በኩል፣ ከሙሳ ዓሊ በስተ ደቡብ፣ ወሰን መጣሱን ነበር። «በሙሳ ዓሊ አካባቢ» ብቻ ቢባል ኖሮ ጦሩ ያኔ ኢጣሊያ በያዘችው በኤርትራ መሬት ላይ ይሁን በኢትዮጵያ መሬት አይለይም ነበር።