ካፊያ ብቻ በነበረበት ሌሊት ጎርፉ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ከተማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ባለፈው ክረምት በሬዲዮ «በጅማ ዞን ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል ሁለት ጊዜ የሱቄን ዕቃ ከወለል አንስቼ አደርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠብ ያለ ነገር የለም። በሦስተኛው ችላ ብዬ ተኛሁ። በእኛ ሰፈር ካፊያ ብቻ እያለ ሌሊት ውሃ ገብቶ ሁለት ጆንያ ስኳር አቀለጠብኝ። ለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ይታመናል?

ነጋዴ አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ለደረሰብዎ ጉዳት እያዘንን፣ ሦስቱም ማስጠንቀቂያዎች ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ ስንነግርዎ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ እናደርጋለን። «ጅማ ዞን» ሲባል ብዙ ወረዳዎችን የያዘ ሰፊ አገር ነው፤ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ስፋት ስላለው፣ አንዱን ቀበሌ ሲያጥለቀልቅ የጎረቤቱ ቀበሌ መንገድ አቧራው እንኳ ላይረጥብ ይችላል።

«ከባድ» የሚለው ቃልም ልክ አለው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ዝናብ የሚለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንበውን ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት በመሆኑ፣ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው የሱቅ ጣሪያ ላይ ብቻ 1,500 ሊትር፣ ማለትም ሰባ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይወርዳል። የሰፈሩን ጣሪያና አስፋልት ሁሉ፣ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ የተደፈነውን ቦይም ይጨምሩበት።

ሱቅዎ የገባው ውሃ ግን ከእርስዎ ሰማይ የወረደ አይመስለንም። በጅሬንና በዙሪያው ባሉ ኮረብታዎች ላይ የጣለ ዝናብ ቁልቁል ወደ ከተማው ነው የሚወርደው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ፣ በበላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ከዘነበ ዝናብ ተነሥቶ፣ በወትሮው ደረቅ አሸዋ በሆነው በደቻቱ ወንዝ በኩል ሌሊት የደረሰ ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲሰሙ መጠየቅ ያለብዎት «እኛ ጋ ይዘንባል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ከእኛ በላይ የት ይዘንባል?» ጭምር ነው። ወንዙ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ግንድ ይዞ ከመጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ አይጠብቁ።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ አንባቢዎች የሚያምታቱትን እናንሣ። «በመጪው ክረምት ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይኖራል» የሚለው የወቅት ትንበያ የወራቱን ጠቅላላ መጠን ከረጅም ዘመን አማካይ ጋር ያነጻጽራል እንጂ በየትኛው ሌሊት ጎርፍ እንደሚመጣ አይናገርም። ለዘር ወይም ለግንባታ ዕቅድ ይጠቅማል። ዕቃ ለማንሣት የሚያስፈልግዎ የቀኑና የአጭር ጊዜው ማስጠንቀቂያ ነው። ጅማ ደግሞ በበልግም በክረምትም ዝናብ የምታገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ጆሮ መስጠት የሚጀመረው በሰኔ አይደለም።

ውሃ መግባት ከጀመረ፣ እጅዎና እግርዎ ሳይረጥብ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ፤ ቆጣሪው ጋ ውሃ ከደረሰ ግን አይቅረቡት። የሚፈስ ጎርፍ ቁርጭምጭሚት አልፎ ሲወጣ ጎልማሳ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ሊወስድ ስለሚችል፣ «ባጃጁ ያልፋል» በሚል ድፍረት አይግቡበት። ቤትዎ ከቁልቁለት ሥር ከሆነና መሬቱ ከተሰነጠቀ ወይም ዛፎች ከተንጋደዱ፣ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ። ናዳ ወድቆ ከሆነም ለማዳን የሚሮጥ ሰው ዳገቱን በንቃት የሚመለከት ጠባቂ ያቁም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ።

ነጎድጓድ ከሆነ የመብረቁን ብልጭታ አይተው ድምፁ እስኪሰማ ሰከንዱን ይቁጠሩ፤ ሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከዛፍ ሥር ይራቁ፤ ወደ ቤት ወይም መስኮቱ ወደተዘጋ መኪና ይግቡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ። መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ ስለማይዝ ወዲያውኑ ነክቶ መርዳት ይቻላል።

ስለ ስኳሩ፦ በየማስጠንቀቂያው ሲያነሡና ሲያወርዱ ከመድከም፣ ከበልግ መግቢያ እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ ከወለሉ ጉልበት ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ቢያስቀምጡት፣ በማስጠንቀቂያው ሌሊት የሚቀርዎ ሥራ ደጃፉን በአሸዋ ጆንያ መዝጋትና ከቦዩ ውስጥ ቆሻሻውን ማውጣት ብቻ ይሆናል።