«ራሙ 3200 ይላል፤ ኮምፒውተሬ ግን 2133»፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከኮዬ ፈጬ የጻፉልን አንባቢ እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «የሠርግ ቪዲዮ ለማቀናብርበት ዴስክቶፕ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር 4 ራም ገዝቼ አስገጠምሁ። ተለጣፊው ላይ 3200 ተብሎ ተጽፏል፤ የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ግን 2133 ያሳየኛል። ተታልዬ ይሆን?»

ይህ ብቻውን የመታለል ምልክት አይደለም። በተለጣፊው ላይ የሚታየው ቁጥር አምራቹ ሞክሮ ያረጋገጠው ፍጥነት እንጂ ኮምፒውተሩ ሲበራ በራሱ የሚይዘው ፍጥነት አይደለም። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) መጀመሪያ የሚያነበው በራሙ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈውን፣ በየትኛውም ቦርድ ላይ እንዲነሣ ታስቦ የተቀመጠውን መደበኛ ፍጥነት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ 2133፣ 2400 ወይም 2666 ሲሆን ቮልቴጁ 1.2 ነው። 3200 የሚለው በዚያችው ቺፕ ውስጥ በሌላ ፕሮፋይል ለብቻው ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብቶ ካላበራው ገንዘብ የወጣበት ፍጥነት ተኝቶ ይቀራል። በየቤቱ ስንት ራም እንዲህ ተኝቶ እንደሚኖር ሳስብ ያሳዝነኛል።

ኮምፒውተሩን ሲያስነሡ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። በኢንቴል ቦርዶች ኤክስኤምፒ፣ በኤኤምዲ ቦርዶች ደግሞ እንደ አምራቹ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚለውን ፈልገው ፕሮፋይል 1ን ይምረጡ፤ በኤፍ 10 አስቀምጠው ይውጡ። በዲዲአር 5 የኤኤምዲ ቦርዶች ላይ ከ2022 ጀምሮ ኤክስፖ የሚባለው መጥቷል። ቮልቴጁ ወደ 1.35 ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ ፕሮፋይሉ የሚጠይቀው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሽፋኑን ከፍተው ራሞቹ የተሰኩበትን ቦታ ይዩ። በጥገና ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ሁለቱን ራሞች ጎን ለጎን መሰካት ነው። አራት መሰኪያ ባላቸው አብዛኞቹ ቦርዶች ላይ ሁለት ራም የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው፤ ያን ጊዜ ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ መስመሮች አብረው ይሠራሉ። አንዱ መስመር በ3200 በሴኮንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ሁለቱ አንድ ላይ 51.2 ይደርሳሉ፤ በ2133 ግን አንዱ መስመር ወደ 17 ጊጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ መሰኪያ የሚያሳጣው ፍጥነት ፕሮፋይሉ ከሚጨምረው ይበልጣል። የቪዲዮ ሥራዎ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም፤ እዚያ ላይ የፕሮሰሰሩ ጉልበት ይበልጣል። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ከሌለዎት ግን ምስሉም የሚሠራው በዚሁ ራም ስለሆነ ለውጡ በዓይን ይታያል።

ከሰበታ፦ «ፕሮፋይሉን አብርቼ ሪስታርት ሳደርገው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ፋኑ ይዞራል፤ ሌላ ነገር የለም። አበላሸሁት?»

አላበላሹትም። ቦርዱ አዲሱን ፍጥነት ከራሙ ጋር እየሞከረ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ብዙ ቦርዶች ካልተሳካላቸው በራሳቸው ወደ መደበኛው ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሴኮንድ ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያም በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን እንደ ሳንቲም የከበበች ባትሪ አውጥተው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመልሷት። ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል።

ምክንያቱን ስንመረምር ብዙ ጊዜ የምናገኘው በተለያየ ጊዜ ከመርካቶ የተገዙ፣ ተለጣፊያቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው የተለያየ ራሞችን ነው። ፕሮፋይሉን እንደገና አብርተው ፍጥነቱን ብቻ ወደ 3000 ወይም 2933 ዝቅ አድርገው ይሞክሩ። ኮምፒውተሩ ተነሣ ማለት ግን ጸና ማለት አይደለም። ሜምቴስት 86 የተባለውን መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ አንዲት ስሕተት እንኳ ካሳየ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ይህን አጥብቄ የምናገረው የራም ስሕተት ድምፅ ስለሌለው ነው፤ ፋይሉ የተቀመጠ ይመስላል፣ ከወር በኋላ ሲከፈት ግን ተበላሽቶ ይገኛል። የአንድ ደንበኛዬ የሒሳብ መዝገብ እንዲህ ጠፍቶ አይቻለሁ።

ከለገጣፎ፦ «ቦርዴ ኤች 410፣ ፕሮሰሰሬ 10ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው። 3200 ራም ከ2666 አልፎ አልሄድ አለኝ።»

አያልፍም። በዚህ ቦርድና ፕሮሰሰር ጣሪያው 2666 ነው። ራሙ አንድ ብቻ ከሆነ ለፍጥነት ከመጨነቅ ሁለተኛውን ቢጨምሩ ይሻላል።

«ሲፒዩ ዚ የሚባለው ፕሮግራም 1600 ያሳያል» ላሉን ደግሞ፦ ትክክል ነው፤ ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 1600 ሲታይ 3200 ማለት ነው።

ከሱሉልታ፦ «መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑም የባዮስ ቅንብሩም ወደ ኋላ ይመለሳል። ባዮሱን ላሻሽለው?»

በመጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ይቀይሩ። ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትደክም ገመዱ ኤሌክትሪክ ባጣ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል፤ በብዙ ቦርዶች ላይ የራሙ ፕሮፋይልም አብሮ ይጠፋል። ባዮስን ማሻሻል ለአንዳንድ ራም ይጠቅማል፤ ነገር ግን በመካከሉ መብራት ከሄደ ቦርዱ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ መሣሪያ) ሳይኖርዎት አይጀምሩት፤ የባዮሱንም ገጾች አስቀድመው በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ከተሻሻለ በኋላ ፕሮፋይሉን እንደገና ማብራት አብዛኛውን ጊዜ የግድ ነውና።