ቢራቢሮ ልቁጠር ብል ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው ማነበው። ሀዋሳ ነው ምኖረው፣ ሱቅ ውስጥ ነው ምሰራው፣ እሁድ እሁድ ደሞ ወደ ወንዶ ገነት መንገድ ያለችው አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። እንግሊዝ ያለች አብሮ አደጌ በፈቃደኝነት ገጠር እየወጣች ቢራቢሮ ትቆጥራለች። መጀመሪያ ስትነግረኝ ስቄ ነበር፣ ፎቶዎቹን ስትልክልኝ ግን ቀናሁ፣ አክስቴ ግቢ እኮ ከዛ በላይ ነው ያለው! እኔ ግን ባዮሎጂ አልተማርኩም፣ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም፣ ብቻዬን ብቆጥር ምን ዋጋ አለው? ካለውስ ከየት ልጀምር? (አክስቷ ጋ የምትሄደው፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዋጋ አለው፣ በጣም አለው። አንድ ነገር ብቻ ግን ያዢልኝ፦ አንድ ቀን ወጥተሽ 100 ቢራቢሮ ከምትቆጥሪ፣ በየሳምንቱ እዛው መንገድ ላይ በዛው አካሄድ 5ም ይሁን 6 ብትቆጥሪ ይሻላል።

ጓደኛሽ ምትሰራው ተራ መዝናኛ እንዳይመስልሽ። ኧርኒ ፖላርድ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ አንድ ጫካ ውስጥ ሞክሮ ያወጣው ዘዴ አለ፣ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንግሊዞቹ በሀገር ደረጃ በዛ ነው ሚቆጥሩት፣ አብዛኞቹ ቆጣሪዎች ደሞ እንደ ጓደኛሽ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ መንገድ ትመርጫለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ በሀሳብሽ አንድ ሳጥን ከፊትሽ አለ፣ በግራ 2.5 ሜትር በቀኝ 2.5 ሜትር፣ ወደ ፊት 5 ወደ ላይም 5 ሜትር። ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ትቆጥሪያለሽ፣ ከሳጥኑ ውጪ ያለው የፈለገ ቢያምር አይቆጠርም። ይሄ ሚጠቅመው ምኑ ላይ ነው ካልሽ፣ ዘንድሮ የቆጠርሽውና የዛሬ ዓመት ምትቆጥሪው እኩል በእኩል እንዲወዳደር ነው፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ራቅ አድርገሽ አይተሽ ሌላ ቀን እግርሽ ስር ብቻ ካየሽ ቁጥሩ ምንም አይነግርሽም።

ኋላ ላይ ደሞ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰው መንገዱን ራሱ ሲመርጥ ሚመርጠው ቢራቢሮ የሞላበትን ነው፣ ተራው የእርሻ መሬት ሳይቆጠር ይቀራል። ስለዚህ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሌላ ቆጠራ ጀመሩ፣ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆኑ ቦታዎች በእጣ ይወጣሉ፣ በጎ ፈቃደኛው የደረሰውን ይዞ ይሄዳል፣ ማሳም ይሁን የከብት ግጦሽ። ይሄን ምነግርሽ ስለ አክስትሽ ግቢ ነው! አበባው ጋ ብቻ አትቁሚ። ግማሹን መንገድ በጓሮው፣ ግማሹን በበቆሎው ጠርዝ፣ ትንሽ ደሞ በባህር ዛፉ በኩል አድርጊው። ባህር ዛፉ ስር ምንም ላታዪ ትችያለሽ፣ ዜሮ ብለሽ ፃፊ። እባክሽ ዜሮውን ፃፊ! ሰው ዜሮ ሲያይ ደብተሩን ይዘጋል፣ እኔን ግን በጣም ሚያሳስበኝ ዜሮው ነው፣ ምክንያቱም ባዶ ቦታና ያልታየ ቦታ ካልተለዩ ምን እየጠፋ እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እነሱ ጋ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከ4፡45 እስከ 9፡45 ባለው ነው ሚወጡት፣ ፀሐይ ካለ ቢያንስ 13 ዲግሪ፣ ደመና ከሆነ 17 ዲግሪ መሆን አለበት ይላሉ። እኛ ጋ ሙቀቱ ችግር አይደለም፣ እንደውም ቀትር ላይ ላንቺም ለቢራቢሮውም ይከብዳል፣ ከ3፡30 እስከ 5፡30 ባለው ውጪና ሰዓትሽን አትቀያይሪ። ንፋስ ወይ ዝናብ ካለ ለሌላ ቀን አስተላልፊው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ጀምሪ፣ ግን መስከረምና ጥቅምት ስለሚያምሩ ብቻ እዛው እንዳታቆሚ፣ በጋው ደርቆ ሳሩ ቢጫ ሲሆንም ሂጂ።

ስም ስለማወቅ አትጨነቂ። እኛ እኮ ሁሉንም ቢራቢሮ ነው ምንለው፣ የማታዋን ደሞ የእሳት እራት፣ አለቀ፣ በዓለም ላይ ግን ከ17 ሺ በላይ የቢራቢሮ ዝርያ አለ። መጀመሪያ በመልክ ለያቸው፦ ነጭ፣ ትንሽ ሰማያዊ፣ ጥቁር ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ትልቁ፣ ብርቱካናማ ሆኖ የክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነው። ይሄ የመጨረሻው ገራሚ ነው። አባጨጓሬው ጦቢያውን፣ ያን ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ሚወጣውን ተክል፣ ይበላል፣ መርዙን ሰውነቱ ውስጥ ይዞት ያድግና ቢራቢሮም ሲሆን ወፍ አይደፍረውም። ሌላ መርዝ የሌላት ዝርያ ደሞ አለች፣ ሴቷ ቁርጥ እሱን መስላ ነው ምትኖረው። ሁለቱን መለየት ካቃተሽ "ብርቱካናማ 3" ብለሽ ፃፊ፣ ገምተሽ ከምትሳሳቺ እሱ ይሻላል። በስልክሽ ፎቶ አንሺና አይናቹራሊስት ሚባለው አፕ ላይ ቀኑንና ቦታውን ይዘሽ ጫኚው፣ ሚያውቁ ሰዎች ስሙን ያግዙሻል፣ መዝገቡም እዛ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ሚመዘግብልኝ የለም አትበይ። በእጅሽ ግን እንዳትይዢያቸው፣ ጣትሽ ላይ ሚቀረው ዱቄት መሳይ ነገር የክንፋቸው ቅርፊት ነው፣ አንዴ ከረገፈ አይተካም።

የጎረቤት ማሳ ካለ ደሞ እንደምን አደራችሁ ብለሽ አስፈቅደሽ ግቢ። ደብተር ይዞ ማሳ ለማሳ ሚዞር ሰው መሬት ሊለካ የመጣ ነው ሚመስለው፣ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው፣ ልጆቹን አስከትይ፣ የልጅ አይን ካንቺ ቀድሞ ያያል።

እኔም ታቦር ተራራ ስር አንድ ዓመት ሙሉ ቆጥሬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ስራ በዛብኝና አራት ሳምንት አቋረጥኩ፣ ከዛ በኋላ ደብተሩን ስገልጥ ያ ባዶ ገፅ ያመኛል፣ ያ ወር በዝቶ ይሁን ቀንሶ መቼም ላውቀው አልችልም። ስለዚህ በየሳምንቱ ካልቻልሽ በየሁለት ሳምንቱ በይው፣ ግን ምትችይውን ቃል ግቢ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግቢዬ ያለው የሎሚ ዛፍ ቅጠሉን የወፍ ኩስ ሚመስል ትል እየበላብኝ ነው፣ ስነካው ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። መድኃኒት ልርጭበት? (ከአሞራ ገደል አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ ቆይ አትርጭ! ከላይ ለእህታችን ጥቁር ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ትልቁ ያልኳት ቢራቢሮ ልጅ ነው፣ እንቁላሉን ሚጥለው ሎሚና ብርቱካን ላይ ነው። ትንሽ እያለ ኩስ ሚመስለው ወፍ እንዳይበላው ነው፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀንዱም ሽታውም ጠላት ማስፈራሪያ ነው፣ አንተን ምንም አያደርግህም። ዛፉ ትልቅ ከሆነ ጥቂት ቅጠል ቢያጣ አይጎዳም፣ ተወው። ገና ችግኝ ከሆነ ግን ሊጨርሰው ይችላል፣ ቅጠሉን ከነትሉ ቀንጥሰህ ትልቅ ሎሚ ያለው ጎረቤት ጋ ወስደህ አስቀምጠው፣ በእርግጥ አስፈቅደህ። ከማንሳትህ በፊት ግን ስንት እንደሆኑ ቁጠርና ቀኑን ፃፍልኝ።