«ስፖርት ይሥሩ» የተባሉ እናት የእሑዱን ማስ ስፖርት ይግቡ ወይ ለሚለው ጥያቄ

እኅቴ፣ የ58 ዓመት እናትሽ ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ሐኪማቸውም «ስፖርት ይሥሩ» ብሎ እንዳሰናበታቸው ገልጸሽ፣ የሰፈሩን የእሑድ ማስ ስፖርት ቢገቡ ይሻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ጎንደር ለረጅም ዓመታት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ፤ እኔም የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ይግቡ እላለሁ፤ አስቀድመው ግን ሐኪሙ ዓይናቸውንና እግራቸውን ይይላቸው፤ ስኳር የዓይንን የደም ሥር ክፉኛ ከጎዳ ዝላይ ደም ሊያፈስ ይችላልና።

መድኃኒት ሲታዘዝ መጠኑና ሰዓቱ ይጻፋል፤ እንቅስቃሴም ስንት ደቂቃ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ የትና ከማን ጋር ተብሎ ካልተነገረ፣ ምክሩ ከካርድ ክፍሉ በር ሳያልፍ እንደሚረሳ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ የእሑዱ አንድ ሰዓት ብቻውን አይበቃም፤ በሌላ ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ሲታከልበት ግን ይሞላል። የፍጥነቱም ልክ እያወሩ መራመድ መቻላቸው ነው።

የቡድኑ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። በእናትሽ ዕድሜ ያለች ሴት ብቻዋን ፈጥና ስትራመድ «ምን ገጠማት?» የሚል አላፊ አግዳሚ አይጠፋም፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትወጣ ግን የሚጠይቃት የለም፣ የቀረች ቀንም በር የሚያንኳኳ ይኖራል። የጎንደርን ዳገት ደግሞ አትናቂው፤ ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን ለጀማሪ ይከብዳል፤ በባጃጅ ቢመለሱ ነውር የለውም።

በጣም የምፈራው የእሑዱን ማለዳ ነው፤ ብዙዎቻችን ቅዳሴ እስኪያበቃ እህል አንቀምስምና። ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ስለሚስብ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ቢዘል ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በጾም ጠዋት ማስ ስፖርቱን ይተዉትና ከሰዓት በኋላ፣ ከበሉ በኋላ፣ ይራመዱ፤ ከረሜላም ከኪሳቸው አይለይ። ካልሲና ሽፍን ጫማ ያድርጉ፣ ማታ ማታም መርገጫቸውን እይላቸው፤ እግራቸው ከደነዘዘ ቁስሉ አይሰማቸውም። ሕመማቸውን ለአሠልጣኙ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ደረታቸውን ከያዛቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ቆመው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዱ።