ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት ምን ላድርግ? (መልስ)

እህቴ፣ ልጅሽ በሩ ላይ እጇ እየተንቀጠቀጠ «ልሞት ነው» ስትል መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ በቁመቷ ልክ ሁኚ። «ፈርተሻል፣ አውቃለሁ። ያልፋል፣ አብሬሽ ነኝ» በያት። «ምንም አልሆንሽም» አትበያት፤ ልቧ ሲደልቅ እኮ ይሰማታል።

ከዚያ አብረሻት ተንፍሺ። በአፍንጫ እስከ 3 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ በአፍ እስከ 5 ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ ትኩስ ሻይ እንደማብረድ። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ፍርሃት ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ አካባቢ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል።

ከልጄ ያየሁትን ልንገርሽ፦ ወዲያው ባጃጅ ጠርተሽ ወደ ቤት አትመልሻት። ለዛሬ ይቀላታል፣ ነገ ግን ፍርሃቱ ይብሳል። ጥግ ይዛችሁ ቆዩና ሲበርድላት ትግባ። የሚመታት ወይም የሚያስፈራራት ካለ ግን ማታ ረጋ ስትል ጠይቂያት፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከተደጋገመባት ሐኪም ልቧንና ሳንባዋን ይይላት። እዚሁ ሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለ።