ከረባት ያላሰረ ፉከራ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሳጥሬ ልድገመው። የምትወደው የፎክ ፐንክ ባንድ (የባህል ዜማን ፐንክ ከሚባለው ፈጣንና ጩኸታም ሮክ ጋር የሚቀላቅል) አዲስ አልበም አወጣ፤ ተቺዎች ያሞግሱታል፣ የድሮ አድናቂዎቹ «ተበላሹ» ይላሉ፤ ማንን ልመን? ነው ያልከው። የባንዱን ስም አልጻፍክም፤ ግን ለምሰጥህ መልስ ስሙ አያስፈልገኝም።

ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ጠቁም ብትለኝ እንኳ እደናገራለሁ። ያኔ ስፒከሩን በር ላይ አውጥተን አዲስ ነገር እንከፍታለን። ፍርዱ እዚያው በሩ ላይ ነው። ሰው ቆመ ወይስ አለፈ? በቃ።

አንድ ቀን ከሆላንድ የመጣ ደንበኛችን «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን ሲዲ ይዞልን መጣ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ ጋር የሠሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ። ዘ ኤክስ በፎክ ፐንክ ስም የሚታወቁ አይደሉም። ግን የባህል ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲደበደብ የሚነሳው ጭቅጭቅ የትም ያው ነው።

ከፈትኩት። በር ላይ የቆመ አንድ ወያላ ጭንቅላቱን አስገብቶ «ሲዲው ተጭሯል መሰለኝ» አለኝ። የምሩን ነው። ሊስትሮው ሳቀ። ሁለት ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው አለፉ። አለቃዬ ዓይኑን ሲያፈጥብኝ ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው!» አሉ አንድ ጋሼ። ድሮ ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት ይነፉ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እኛ ዘንድ የማይጠፉ ሰው ናቸው። ሳክስፎኑ ገና እንደጀመረ «ይሄ ጌታቸው ነው» አሉ። ያንን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ማን ያጣዋል! ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወስዶ ሳክስፎን ላይ የጫነ ሰው እኮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 ገና ልጅ ሆነው ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ ከዚያ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ከኛ በር ተነስተህ ቸርችልን ቁልቁል ብትወርድ የሥራ ዘመናቸውን ግማሽ በእግርህ ትጨርሰዋለህ።

ጋሼ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ከኋላ ያሉት ልጆች ምን ሆነዋል? ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ እንዴ?» አሉ። እኔም በልቤ አዎ ብያለሁ። ሽለላው ጋ ሲደርስ ግን ጣታቸው ባንኮኒውን መምታት ጀመረ። ከዚያ ያሉትን አልረሳውም፦ «እኛ እኮ በኮትና በከረባት ነበር የምንፎክረው። ፉከራ መቼ እንደዚያ ነው? አንዱ ሲፎክር ዙሪያው ይጮሃል፣ ይዘላል፣ አቧራ ይነሳል። እነዚህ ልጆች ጩኸቱን ነው የመለሱለት።»

የውጭ ተቺዎች ያንን አልበም በብዛት አሞግሰውታል። ግን ጋሼ ያዩትን ለማየት ፉከራ በሚፎከርበት ቦታ ቆመህ ማወቅ አለብህ። የኛ ደንበኞች በበኩላቸው ብዙዎቹ «ፈረንጆቹ ሽማግሌውን አጃጃሏቸው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ስህተት ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋብዟቸው ሄዱ፤ ሲጫወቱ ሰሟቸውና አጃቢዎቼ ሁኑ ያሉት ራሳቸው ጌታቸው ናቸው። በሰባ ዓመት ደጃፍ! ማን ማንን እንዳጃጃለ እንግዲህ አንተ ፍረድ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለተኛው፣ «የአንበሳው ትዝታ» ወጣ። አንድ የማውቀው ደንበኛ የመጀመሪያውን «ራስ ምታት ነው» ብሎ የመለሰልኝ ነው። ሁለተኛውን ሰምቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንደ ፊተኛው አይሆንም!»

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። የፎክ ፐንክ አባት የሚባሉት ዘ ፖግስ እ.ኤ.አ. በ1982 ለንደን ውስጥ ሲጀምሩ፣ ከአይርላንድ ባህላዊ ተጫዋቾች መካከል ዜማችንን አዋረዱት ብለው የተቆጡ ነበሩ። ድምፃዊያቸው ሼን ማክጋዋን እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሞት ደግሞ የደብሊን ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ እየዘፈነ ሸኘው።

ስለዚህ «ተበላሹ» ብቻ የሚልህን አድናቂ እለፈው። ያ ሰው የናፈቀው አልበሙን ሲሰማ የነበረበትን ዕድሜ ሊሆን ይችላል። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቫዮሊኑን ከበሮው ዋጠው» የሚልህን ግን ስማው፤ ቁጭ ብሎ አዳምጧል። ተቺውንም በዚሁ ሚዛን ለካው። ጽሑፉ ሙሉ የባንዱ ታሪክ ሆኖ ስለ ድምፁ ሁለት መስመር ብቻ ካለው፣ ሰውየው ቸኩሏል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በስልክ ስፒከር አትፍረድ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ቤዙና ትልቁ ከበሮ ይጠፋሉ፣ ቫዮሊንና ዋሽንት ብቻቸውን ይጮሃሉ። እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ደግሞ ከታች የሚደግፈው ሲጠፋ በእርግጥም ቆርቆሮ ነው። ደህና ማዳመጫ ከጓደኛም ቢሆን ተዋስና ሦስት ጊዜ ስማው፤ አንዱን ጊዜ ግጥሙን እያነበብክ። በሦስተኛው ካልገባህ ተወው፣ ግዴታ የለብህም። እኔ ራሴ ዘ ኤክስን ያለ ጌታቸው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጋሼ ያን ዕለት ሲዲውን «ለሳምንት» ብለው ወሰዱት። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፉ ደውዬላቸው ነበር፤ ከኋላ ይሰማኛል፣ እሱኑ ከፍተውታል። መልሱልኝ ለማለት አፈርኩ።