የራስ ቅሎቹ ለምን አይመሳሰሉም? ስለ ዘመናዊ ሰው አመጣጥ ጥያቄና መልስ

ስለ ጥንታዊ የራስ ቅሎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የራስ ቅል የዘመናዊ ሰው መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ከፍና ክብ ያለ ቅል፣ ቀጥ ያለ ግንባር፣ አነስ ያለ ፊት፣ ወጣ ያለ አገጭ። ግን እነዚህ ሁሉ በአንዴ አልመጡም። ሞሮኮ ውስጥ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት 300 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ፊታቸው የእኛን ይመስላል፤ ቅላቸው ግን ወደ ኋላ ረዘም ያለ ነው። ስለዚህ «ዘመናዊ ነው ወይስ አይደለም?» ከማለት «የትኛው ክፍሉ ቀድሞ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የኦሞ ኪቢሽ ሁለቱ ቅሎች ለምን ተለያዩ?

መልስ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው! ሁለቱም የተገኙት በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፣ በ1967 ነው። ኦሞ አንድ አገጭ አለው፤ ቅሉም ክብ ነው። ኦሞ ሁለትን ከጎን ብታዩት ግንባሩ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ የማጅራቱ አጥንትም በማዕዘን ይታጠፋል። በ2022 የወጣ ጥናት የኦሞ አንድን ዕድሜ ከ195 ሺህ ወደ 230 ሺህ ዓመት ገደማ አሳድጎታል። ኦሞ ሁለት ግን የተገኘው ከአፈር በላይ ተጋልጦ ስለነበር ዕድሜው ያከራክራል። በዘመን ተራርቀው ይሆን? ወይስ ያኔ የነበረው ሕዝብ መልኩ ይህን ያህል የተለያየ ነበር? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ልኬቱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ቅሉ በሲቲ ስካን ይነሳል፤ የተወሰኑ ነጥቦች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ከዚያ ኮምፒዩተር የመጠኑን ልዩነት አስወግዶ ቅርጹን ብቻ ያነጻጽራል። የተሰባበረ ቅል ሲገጣጠም ግን የገጣጣሚው ውሳኔ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ የቅርብ ዘመን ሰዎች ቅልስ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ ብዙ! በ2007 ከ4 ሺህ በላይ ቅሎች ተነጻጽረው ነበር። ከአፍሪካ በራቅን ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለው የቅል ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል። ከተደባለቀ እህል አንድ እፍኝ ቢዘገን ሁሉም ዓይነት እንደማይገኝበት ነው፤ ከአፍሪካ የወጡት ሰዎች ጥቂቶች ናቸውና።

ጥያቄ፦ ታዲያ መነሻችን አንድ ቦታ ነው?

መልስ፦ አፍሪካ ነው። አንድ አካባቢ ብቻ ነው ለማለት ግን ይከብደኛል። የተራራቁ፣ አልፎ አልፎ የሚቀላቀሉ ሕዝቦች ነበሩ የሚለው ሐሳብ ከቅሎቹ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ እያለ አጥንት መለካት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ዲኤንኤ ሙቀት አይችልም። እስካሁን ከአፍሪካ ከሰው አጥንት የተነበበው ጥንታዊ ዲኤንኤ ሁሉ በኦሞ ዘመን አጠገብ ትናንት የሚባል ነው። ስለዚያ ዘመን ሰዎች የሚነግረን ያው አጥንቱ ነው።